«ጉዱ» ያለው ማን ነው?

የተከበራችሁ የንባብ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

በልብ ወለድ ውስጥ ስላለው የውጭ መልክና የውስጥ ማንነት ተናገር ስባል ቀድሞ የመጣልኝ ፊት ሳይሆን ስም ነው፦ ጉዱ ካሳ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሰውየው ስም ካሳ ዳምጤ ነው። «ጉዱ»ን የለጠፈበት አገሬው ነው። የባላባት ዘመድ ሆኖ ባላባትነትን ይነቅፋላ! እንዲህ ላለው ሰው መልስ ከመስጠት እብድ ማለት ይቀላል።

በዚህ ቦታ ሰምና ወርቅን እንዳነሣ ትጠብቁ ይሆናል። ነገር ግን በቅኔ ሰሙን የሚያበጀው ባለቅኔው ራሱ ነው። ካሳ ምንም አልሸፈነም፤ ያሰበውን በአደባባይ ይናገራል። ሰሙን ያለበሱት ጎረቤቶቹ ናቸው። የደራሲውን ብልኀት የማየው እዚህ ላይ ነው፤ እኛንም አንባቢዎችን መጀመሪያ ከጎረቤቶቹ ጋር አስቀምጠው ያስቁናል።

የመጽሐፉን ባላባት ፊታውራሪ መሸሻን ደግሞ ተመልከቱ። ማዕረግ አላቸው፣ ዘር አላቸው፣ ሲራመዱ አጃቢ አላቸው። ገበሬዎቻቸው ተጨማሪ ግብር አንከፍልም ሲሉ ግን በገዛ ባላገራቸው ላይ ዘመቱ፤ ተማረኩም። የክብራቸው ልብስ የተገፈፈው በጠላት ጦር ሳይሆን በገባሮቻቸው እጅ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ በዚያ ምዕራፍ ከመሳቅ ይልቅ አዘንኩላቸው። ከማዕረጉ በታች ሌላ ሰው እንዲኖራቸው ማንም አላስተማራቸውም።

ካሳም ቢሆን መልአክ አይደለም። ንግግሩ ይረዝማል፤ አንዳንዴ ሰው የሚያወራ ሳይሆን ደራሲው በእሱ አፍ የሚሰብክ ይመስለኛል። ሆኖም ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ሲጨነቁ ከጎናቸው የቆመው ያው እብድ የተባለው ነው። ሥርዓቱ ካልታደሰ እንደሚፈርስ ያስጠነቀቀውም እሱ ነው። መጽሐፉ ከታተመ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ፈነዳ።

መጽሐፉን መጀመሪያ ያወቅኩት በጆሮዬ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። በሬዲዮ የሰው ልብስ አይታይም፣ ድምፅ ብቻ ነው። እናቴ ቡና እየቆላች ትሰማ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ደግሞ ይሄ ጉዱ መጣ!» እያለች ትስቅ ነበር። ትረካው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ እኛ ልጆቹ ስንንጫጫ መቁያውን ከምጣዱ ላይ አንሥታ ገሠጸችን።

«ዝም በሉ፤ ካሳ ሊናገር ነው።»

አመሰግናለሁ።