የዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባላት፣ ከፍትሕ ተቋማት የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የሜክሲኮን መንገድ መዘጋጋት አልፋችሁ በሰዓቱ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ።

በፖሊስ ጣቢያ ስላሉ አካል ጉዳተኛ ተጠርጣሪዎች የምናካሂደው ጥናት ፈቃዱ ተገኝቷል፣ መረጃ ሰብሳቢዎች ሠልጥነዋል፣ የሙከራ ዙሩ ተጠናቋል። ዝርዝሩ በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ስላለ አልደግመውም። በሠራችሁት ሥራ ኮርቻለሁ።

ዓመቱን ሙሉ ያከራከረን መጠይቁ ነው። «አካል ጉዳት አለብዎት?» ተብሎ ሲጠየቅ አዎ የሚለው በአብዛኛው ጉዳቱ ለዓይን የሚታይ ሰው ነው። ጆሮው የደከመ፣ የተነገረው ቶሎ የማይገባው ተጠርጣሪ ግን አፍሮም ፈርቶም «የለብኝም» ይላል። የአካል ጉዳት መጠይቆችን የሚያዘጋጀውን ዓለም አቀፍ ቡድን፣ የዋሽንግተን ግሩፕን 6 ጥያቄዎች የመረጥነው ለዚህ ነው፤ ስለ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስን መንከባከብና መግባባት ይጠይቃሉ። መልሱም ከ«ምንም አልቸገርም» እስከ «ጨርሶ አልችልም» በ4 ደረጃ ይመዘገባል። ጭንቀትና ድባቴ በእነዚህ ስለማይያዙ ለብቻቸው ይጠየቃሉ። «ጊዜ ይፈጃል» ያላችሁ አላችሁ፤ እውነት ነው፣ ይፈጃል። ነገር ግን ጠባቂ አጠገብ ቆሞ ከላይ እስከ ታች «ምንም አልቸገርም» ተብሎ የተሞላ ቅጽ ለማንም አይጠቅምም። እንዲህ ያሉትን መልሰናል፣ ወደፊትም እንመልሳለን።

ከሁሉ የከበደን የአስተርጓሚ ጉዳይ ነው። መስማት ለተሳነው ሰው ወንድሙ ሲያስተረጉም፣ ጥያቄው ሳያልቅ ወንድምየው ራሱ ይመልሳል፤ ቤተሰብ የሚያሳፍረውን ነገር ደግሞ ዘሎ ያልፋል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 የምርመራውን ቋንቋ በሚገባ ለማያውቅ ተጠርጣሪ ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት፣ አስተርጓሚውም የጥያቄና መልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ ያዛል። ሕጉ በፖሊስ ላይ የጣለውን ግዴታ እኛ በገዛ ጥናታችን ካልፈጸምነው በምን አፋችን ልንጠይቅ ነው? ቃለ መጠይቁ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከሄደ ደግሞ የሚቀያየሩ ሁለት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች ያስፈልጋሉ፤ እጅም አእምሮም ይደክማል፣ ትርጉሙም ይሳሳል። ክፍያቸው የሚወጣው ከመዋጯችን ነው፤ መዋጮው ግን አልገባም።

ዛሬ ያልተገኛችሁ አባላት ቃለ ጉባኤው ይደርሳችኋል። በተለይ ከልደታ ፍርድ ቤት በእግር በምትደርሱበት ርቀት ቢሮ ያላችሁ ጠበቆች፣ ስማችሁ በመረጃ ሰብሳቢዎች ዝርዝር ላይ አለ፤ ፖሊስ ጣቢያ ግን አልሄዳችሁም። በሳምንት ግማሽ ቀን ነው የምለምናችሁ። የማይመቻችሁ ከሆነ በዚህ ሳምንት አሳውቁንና ቦታውን ለሌላ እንስጥ፤ መዋጮውን ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ክፈሉ።

ጉባኤው ተከፍቷል። የመጀመሪያው አጀንዳ የአስተርጓሚ በጀት ነው።