ጉንፋኑ ዘበኛው ቤት ሲገባ

አካም ኦልታን፣ እንደምን ዋላችሁ እናቶችና አባቶች፣ በዚህ ዝናብ ጭቃውን ረግጣችሁ ስለመጣችሁ በጣም ነው የማመሰግነው።

ልጄ አለርጂና አስም አለበት። ከሶስት አመት በፊት ክረምት ላይ ጉንፋን ያዘውና ሁለት ቀን አፍንጫው ብቻ ነበር የሚፈሰው፣ በሶስተኛው ሌሊት ግን ደረቱ ማፏጨት ጀመረ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ነው አለ። ላብራቶሪ የምሰራው እኔም ጉንፋኑ ሌላ አለርጂው ሌላ ይመስለኝ ነበር። ከዛ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት።

ቆዳችን፣ አፍንጫችንና ሳንባችን ላይ ማስት ሴል የሚባሉ ዘበኞች አሉ። በ1878 ፖል ኤርሊክ የሚባል ጀርመናዊ ነው ስም ያወጣላቸው፣ ሂስታሚን በሚባል ኬሚካል የተሞሉ ከረጢቶች ተሸክመው ነው የሚኖሩት፣ አቧራ ወይ የድመት ጸጉር ሲመጣ ያንን ይለቁታል፣ ማሳከኩም ማስነጠሱም ከዛ ነው። የሚገርመው ቫይረሶች እነዚህን ዘበኞች ራሳቸውን መያዝ ይችላሉ። የጉንፋኑ ራይኖቫይረስ ማስት ሴል ውስጥ ገብቶ ሲባዛ በላብራቶሪ ታይቷል። ኤችአይቪም ገና ያልበሰሉትን ማስት ሴሎች ይይዛል፣ ሴሉ ደግሞ ረጅም ጊዜ ስለሚኖር እዛው ተደብቆ ይቆያል። ዴንጊ፣ ያ በትንኝ የሚተላለፈው፣ በ2013 ድሬዳዋን ያመሰው ቫይረስ፣ የሱ ደግሞ የባሰ ነው፣ ከበፊቱ ኢንፌክሽን የቀረው አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነታችን ቫይረሱን ለመያዝ የሰራው ፕሮቲን፣ ተለጥፎበት ይመጣና ማስት ሴሉ አንቲቦዲውን በሚቀበልበት በር ይገባል፣ መከላከያችን ራሱ በሩን ከፈተለት ማለት ነው።

ኢዮሲኖፊል የሚባለውን ነጭ የደም ሴል እዚህ ጅማ የምናውቀው በሌላ ነው፣ ደም ምርመራ ላይ ከፍ ብሎ ስናይ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የሆድ ትላትል ነው። ግን እሱም የቫይረስን አርኤንኤ፣ ማለትም የዘር ቁሱን፣ የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለው፣ ችግሩ ያው የሚረጨው ነገር የልጁንም የአየር ቱቦ ያቆስላል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ይሄ ነው፦ ኢንተርፌሮን የሚባል የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን እያመረቱ ቫይረስ መጣ ብለው የሚጮሁ ሴሎች አሉ፣ አለርጂ ባለበት ልጅ እነዚህ ሴሎች ላይ የአለርጂው አንቲቦዲ አይጂኢ ተቀምጦባቸዋል፣ አቧራው ሲነካው የኢንተርፌሮኑ ጩኸት ይቀንሳል። ስለዚህ አለርጂው ሳይታከም የቆየ ልጅ ጉንፋን ሲይዘው እንደ እህቱ ሶስት ቀን አፍንጫው ፈሶ ላይለቀው ይችላል፣ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ልጁ ደህና ሲመስል በየቀኑ የታዘዘለትን የመከላከያ ፓፍ አታቋርጡ። አሞክሳሲሊን ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትስጡት፣ ቫይረስ አይገድልም። የማስታገሻውን ፓፍ ወስዶም ካልተሻለው፣ ማውራት ካቃተው፣ የጎድን አጥንቱ ስር ወደ ውስጥ ከገባ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት።

ፓፉን ደግሞ በቀጥታ አፉ ውስጥ ስንረጨው አብዛኛው ጉሮሮው ላይ ነው የሚቀረው፣ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ በኩል ሲስበው ሳንባው ድረስ ይደርሳል። ጠርሙሶቹን ይዤ መጥቻለሁ፣ እዚህ ጠረጴዛው ጋ ኑና የጠርሙሱን ቂጥ እንዴት እንደምንበሳው ላሳያችሁ።