ሐዲድ ለማየት የተሠሩ ትንንሽ መኪኖች

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የምህንድስና ተማሪዎች፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ የሐዲድ ጥገና ባልደረቦች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ አየርላንድ ባቡር ይናገራል ሲባል ስለ ትልልቆቹ የእንፋሎት ባቡሮች የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። ዛሬ የማወራው ግን ሐዲዱን ለመፈተሽ ስለተሠሩት ትንንሽ መኪኖች ነው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሞተር በፊት ሥራው የእግር ነበር። የሐዲድ ሠራተኛው መዶሻውን ይዞ የተመደበለትን ርቀት ይጓዛል። በዚያ ዘመን በዋና ዋና መስመሮች ላይ ሐዲዱን ከብረት መቀመጫው ጋር አጥብቆ የሚይዘው የእንጨት ሽብልቅ ነበር። እንጨት ደግሞ በደረቅ ወቅት ይኮማተራል፤ ከዚያ ይላላል፣ ይወጣል። ሰውየው የወጣውን እየመታ ይመልሳል። ብዙ ኪሎ ሜትር የሚቆጣጠር መሐንዲስ ግን ሁሉንም በእግሩ ሊያዳርስ አይችልም። በእጅ የሚገፋው ጋሪ፣ ቀጥሎም የቤንዚን ሞተር ያለው መኪና የመጣው ለእሱ ነው።

አየርላንድ ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ ነበር። የዋናው መስመር ስፋት 1,600 ሚሊ ሜትር ሲሆን የጎረቤት ብሪታንያ ደግሞ 1,435 ነው። በገጠር የተዘረጉት ብዙዎቹ ቀጫጭን መስመሮች 914 ሚሊ ሜትር ብቻ ናቸው። ስለዚህ እንግሊዝ አገር የተሠራ የመፈተሻ መኪና እንዳለ ገዝቶ ሐዲድ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም ነበር፤ በልኩ መታዘዝ ነበረበት።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ የምወዳት የዶኔጋሏን ነው። በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ የካውንቲ ዶኔጋል ባቡር 200 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ቀጭን መስመር ነበረው። በ1907 ገደማ በርሚንግሃም ከሚገኘው ኦልዴይ ኤንድ ኦንየንስ ፋብሪካ አንዲት ባለ አራት እግር የቤንዚን መኪና ተሠርታ መጣች። ጉልበቷ 10 የፈረስ ጉልበት፣ የምትይዘው ሰው 10። ሥራዋ አለቆችንና መሐንዲሶችን ይዛ መስመሩን ማሳየት ነበር። በ1920 ሞተሯ ተቀይሮ 22 የፈረስ ጉልበት ያለው ፎርድ ተገጠመላት።

በ1926 የብሪታንያ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ መቱ። ከሰል ጠፋ፤ የእንፋሎት ባቡር ያለ ከሰል ደግሞ ብረት ብቻ ነው። ይቺ የመፈተሻ መኪና ግን ቤንዚኗን ጠጥታ ፖስታ መጫን ጀመረች። ድርጅቱን ከ1910 ጀምሮ ይመሩ የነበሩት ሄንሪ ፎርብስ ይህንን ዝም ብለው አላለፉትም። ጥቂት መንገደኛ ለመጫን ከባድ ባቡር ማንቀሳቀስ እንደማያዋጣ ገብቷቸው ነበር። ተመሳሳይ ትንንሽ ባለ ሞተር መኪኖችን አከታትለው አስገቡ። በ1931 መደበኛ መንገደኛ በማመላለስ በብሪታንያና በአየርላንድ ደሴቶች የመጀመሪያው የሆነው የናፍጣ ባቡር መኪና ሥራ የጀመረው እዚሁ ነው። መኪኖቹ ቀላል ስለሆኑ በመንገድ ማቋረጫዎች ጭምር እየቆሙ ገበሬውን ያነሱ ነበር። በኔ ግምት ያ ድኃ አውራጃ ባቡሩን እስከ 1959 መጨረሻ ያቆየው በእነሱ ነው። የመጀመሪያዋ መኪና ዛሬ ቤልፋስት አቅራቢያ ኩልትራ ባለው የትራንስፖርት ሙዚየም ትገኛለች።

የታላቁ ሰሜን ባቡር ድርጅት ታሪክ በተቃራኒው ሄዷል። በ1930ዎቹ የመንገድ አውቶቡሶችን ወስዶ ልዩ ጎማ ገጠመላቸው፤ ውስጡ አየር የተሞላ ጎማ፣ ውጭው የብረት ቀለበት። ሆውደንና ሜሬዲት የተባሉ ሰዎቹ የፈለሰፉት ነው። ከእነዚህ አንዱ አውቶቡስ በስተርጅና ከመንገደኛ ሥራ ወጥቶ ለሐዲድ መሐንዲሶች ተሰጠ። እሱም ኩልትራ ነው ያለው።

በመካከሉ የጦርነት ጊዜ አለ። በ1922 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች ሐዲድና ድልድይ ነበሩ፤ የማሎው ድልድይ በዚያው ኦገስት ፈርሶ እስከ ቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር ደብሊንና ኮርክን ለያይቷል። መንግሥት መስመር የሚጠብቅና የሚጠግን የጦር ክፍል አቋቋመ። ክፍሉ ላንቺያ የተባሉ ብረት ለበስ የጭነት መኪኖችን ጎማቸውን አውልቆ የባቡር እግር ገጠመላቸው። ጠጋኞቹ እየሠሩ እነሱ መስመሩን እየቃኙ ይጠብቁ ነበር።

እዚህ ላይ ለጥገና ባልደረቦች አንድ ነገር ላንሳ። ትንሽ የመፈተሻ መኪና ቀላል ናት፤ ትልቅ ባቡር ሲመጣ ሰዎች አንስተው ከሐዲድ ሊያወጧት ይችላሉ። ግን ይህ ቅለቷ አደጋዋም ነው። ባቡር መስመር ላይ መኖሩ የሚታወቀው እግሮቹ በሐዲዱ ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ሲያገናኙ ነው፤ የብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖች እግር ግን ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ ተደርጎ ስለሚሠራ የምልክት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ አይታዩም፤ መስመሩ ባዶ ይመስላል። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ንቅንቅ የለም። አየርላንድ ይህንን ሕግ በደም ነው የተማረችው። በ1889 አርማ በተባለችው ከተማ አካባቢ ከባቡር ተቆርጠው ወደ ኋላ የተንሸራተቱ ፉርጎዎች ከሚከተለው ባቡር ጋር ተጋጭተው 80 ያህል ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ለሽርሽር የወጡ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና ቤተሰቦች ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ በአንድ ክፍልፋይ መስመር ላይ ከአንድ ባቡር በላይ እንዳይኖር አስገደደ።

ዛሬ የአየርላንድ ባቡር ድርጅት የኦስትሪያው ፕላሰር ኤንድ ቶይረር የሠራው የመለኪያ መኪና አለው። የሐዲዱን ስፋት፣ ከፍታ፣ ጥምዘዛና አቅጣጫ እየሮጠ ይመዘግባል። የሰው ዓይን የሚያመልጠውን ሚሊ ሜትር ይይዛል፤ ይህን ማድነቅ ግድ ነው።

ነገር ግን ማላሃይድን እናስታውስ። ኦገስት 21 ቀን 2009 ከደብሊን ወደ ቤልፋስት በሚወስደው መስመር ላይ ያለው የባሕር ድልድይ አንድ ምሶሶው ተደረመሰ። ሲያልፍ የነበረ የባቡር አሽከርካሪ የሐዲዱን መስመጥ አይቶ አሳወቀ፤ መስመሩ ተዘጋ፤ ማንም አልተጎዳም። ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የአካባቢው የባሕር ስካውቶች የውኃው ሁኔታ መለወጡን ተናግረው መሐንዲስ መጥቶ አይቶት ነበር። ችግሩ ከታች፣ ምሶሶዎቹ በተቀመጡበት የድንጋይ ክምር ላይ ነበር። ማዕበሉ ክምሩን ሸርሽሮታል። የቀድሞዎቹ የጥገና ሰዎች በየጊዜው ድንጋይ እየጨመሩ ያቆዩት ነበር፤ ያ እውቀት ግን ሰዎቹ ጡረታ ሲወጡ አብሮ ከድርጅቱ ወጥቷል። መርማሪዎቹ በሪፖርታቸው ይህንኑ በግልጽ ጽፈውታል። ላይ ላዩን የሚሮጥ የትኛውም የመለኪያ መኪና ያንን ድንጋይ አያየውም። ድልድዩ ተጠግኖ ኖቬምበር 16 ቀን ባቡር አለፈበት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ካላችሁ ከጥገና ባልደረቦች እንጀምር።