ኩበርኔቲስ የማይሠራልን ሥራ

እንደምን ዋላችሁ፣ ውድ የሙያ አጋሮቼ!

አፖችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ ስለሚያሠራውና ስለሚጠብቀው ሶፍትዌር፣ ስለ ኩበርኔቲስ ላወራችሁ ነው የመጣሁት። አትስጉ፣ ብዙ ስላይድ አልያዝኩም።

ጉግል አፕሊኬሽኖቹን በሺዎች በሚቆጠሩ ሰርቨሮች ላይ የሚያሠራበት ቦርግ የሚባል የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከዚያ ባገኘው ልምድ ኩበርኔቲስን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገው። ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክፍያ አውርዶ ይጭነዋል።

«ይህ አፕ በሦስት ቅጂ ይሥራ» ብላችሁ ፋይል ላይ ትጽፋላችሁ። እሱ ደግሞ ሥራዬ ብሎ ይቆጥራል። አንዱ ሲወድቅ ሌላ ያስነሳል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ቢሆንም እናንተን አይቀሰቅስም።

ግን አፑ ለምን እንደወደቀ አይገባውም። የዳታቤዙ ፓስወርድ ተሳስቶ አፑ በተነሳ ቁጥር ቢወድቅ፣ መልሶ መላልሶ ያስነሳዋል። መጀመሪያ 10 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 20፣ ከዚያ 40 እያለ እስከ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። ስክሪኑ ላይ «ክራሽሉፕባክኦፍ» የምትል ጽሑፍ ትመጣለች። ይቺን ያየ ብዙ ሰው ወዲያው ፖዱን፣ ማለትም እየሠራ ያለውን የአፑን ቅጂ፣ ይሰርዛል። ምን ዋጋ አለው? አዲሱም ያንኑ ፓስወርድ ይዞ ነው የሚመጣው። እባካችሁ ሎጉን፣ ማለትም አፑ ሲሠራ የሚጽፈውን መዝገብ፣ አንብቡ። ሎጉን በምትጠሩበት ትእዛዝ ላይ «ፕሪቪየስ» የሚለውን አማራጭ ስትጨምሩ፣ የወደቀው ከመውደቁ በፊት የጻፈውን ያሳያችኋል።

የሰርቨር ቁጥርም ሰው ያሳስታል። የክላስተሩ፣ ማለትም አብረው የሚሠሩት ሰርቨሮች፣ መረጃ የሚቀመጠው ኢቲሲዲ የሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለበት ሰርቨሮች አብላጫ ድምፅ ካልሰጡ ምንም አይጽፍም። ኢቲሲዲን በሁለት ሰርቨር ብታደርጉት አንዱ ሲሞት የቀረው ብቻውን መወሰን አይችልም። ሦስት ከሆኑ የአንዱን መውደቅ ይችላሉ፤ አምስት ከሆኑ የሁለቱን። ሦስቱም በአንድ የመብራት መስመር ላይ ከተሰኩ ግን ድምፅ ቆጠራው ጨዋታ ነው። መብራት ሲሄድ ተያይዘው ይሄዳሉ።

ለአንዲት ትንሽ ድረ ገጽ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፤ አፖችን በአንድ ሰርቨር ላይ የሚያሠራው ዶከር ኮምፖዝ ይበቃል። ይህን ስል የሚያኮርፍ እንዳለ አውቃለሁ። ለመማር የሚፈልግ ደግሞ ኬ3ኤስን ይጫን። ቀለል ያለ የኩበርኔቲስ ዓይነት ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሞከራል።

ከሻይ በኋላ ላፕቶፕ የያዛችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ። አንድ አፕ እንጭንና ፓስወርዱን ሆን ብለን እናበላሸዋለን። ስህተቱን ከሎጉ ፈልጎ ማግኘት የእናንተ ድርሻ ነው።

አመሰግናለሁ።