ሰባተኛው ደወል፦ ስለ ኡታዳ ሂካሩ ድምፅ

የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ንግግሬን በአንድ የተሰበረ ቃል ልጀምር። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራላችኋለሁ። በዲሴምበር 1998 ጃፓን ውስጥ አንድ ነጠላ ዜማ ወጣ። ርዕሱ «ኦቶማቲክ» ነው፤ የዘፈነችው ኡታዳ ሂካሩ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። የመጀመሪያው ስንኝ የሚያወራው ስለ ተራ ነገር ነው፤ ስልኩ ሰባት ጊዜ ጮኾ በሰባተኛው ደወል ላይ ስለ መነሣቱ። ሰባተኛ በጃፓንኛ «ናናካይሜ» ነው። እሷ ግን «ና» ብላ ቀጥ ትላለች። ከዚያ ምቱን ጠብቃ «ናካይሜ» ትላለች። በአማርኛ እንሞክረው ብንል «ሰ...» ብሎ ቆሞ፣ ቆይቶ «ባተኛው» እንደ ማለት ነው። ደወል የሚለውን «ቤሩ»ንም እንዲሁ ለሁለት ትከፍለዋለች።

ስልኩ እየጠራ ልብ ሲንጠለጠል እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቃሉ ራሱ ተንጠለጠለ። ለብዙ ጃፓናዊ ጆሮ እንግዳ ነገር ነበር፤ ቋንቋው የነሱ፣ አካሄዱ ግን የአሜሪካ አር ኤንድ ቢ። በቪዲዮ ክሊፑ ላይ ቢጫ ሶፋ ያለበት፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል ውስጥ ጉልበቷን እጥፍ አድርጋ ትወዛወዛለች። ያቺ ጎንበስ ያለች ልጅ በማርች 1999 «ፈርስት ላቭ» የተባለ አልበም አወጣች፤ ጃፓን ውስጥ ብቻ ከ7 ሚሊዮን 600 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ። እስከ ዛሬ በአገሩ የሽያጭ ታሪክ የሚበልጠው አልበም የለም።

ስለ ሽያጭ ብዙ አላወራም። ከ2 ዓመት በኋላ «ዲስታንስ» የተሰኘው አልበሟ በአንድ ሳምንት 3 ሚሊዮን ቅጂ መሸጡን ጠቅሼ ልለፈው። የዛሬው ጉዳዬ ድምፁ ነው፤ እኔ እንደምሰማው ሂካሩ ከእናቷ ዘፈን የቻለችውን ያህል ርቃ የሄደች፣ በመጨረሻም በራሷ መንገድ ዞራ የተመለሰች ዘፋኝ ናት።

እናቷ ማን ናት? ፉጂ ኬይኮ። በ1969 ብቅ ያለች፣ ድምፀ ጎርናና፣ ፊቷ ላይ ፈገግታ እምብዛም የማይታይ፣ ኤንካ የሚባለውን የጃፓኖች የናፍቆትና የቁጭት ዘፈን የምትዘፍን። የመጀመሪያው አልበሟ 20 ሳምንት ተከታትሎ በአገሩ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። የኬይኮ እናት፣ ማለትም የሂካሩ አያት፣ ባለ ሦስት አውታሩን ሻሚሰን የምትጫወት ዓይነ ስውር ነበረች። ቤተሰቡ በሰሜኑ በረዷማ ደሴት በሆካይዶ እየዞረ በዘፈን የሚተዳደር ነበር። አዝማሪ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ሕይወት ለመገመት አይቸገርም።

እዚህ ላይ ኪቦርዱን ልጠቀም። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ሰማችሁ? «ይሄማ ትዝታ ነው» የምትሉኝ ትክክል ናችሁ፤ ትዝታ ማይነር ነው። ጃፓኖች ግን ይህንኑ «ዮናኑኪ» ይሉታል፤ አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ የወጣለት ማለት ነው። ብዙው ኤንካ የተሠራው በእነዚህ አምስት ድምፆች ነው። ማን ከማን ወሰደ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለት ሕዝቦች፣ አንዱ ከሌላው ሳይጠይቅ፣ ለናፍቆትና ለቁጭት አንድ ዓይነት መሰላል ሠሩ። የፉጂ ኬይኮን ዘፈን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ቋንቋው ሳይገባኝ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር የከበደኝ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልጅቱ ይህን ቤት ይዛ ነው የተወለደችው፤ በ1983፣ ኒው ዮርክ ውስጥ። አባቷ ፕሮዲዩሰር ነው። ቤተሰቡ በኒው ዮርክና በቶኪዮ መሐል ሲመላለስ ልጅነቷ ስቱዲዮ ለስቱዲዮ አለፈ። ሙዚቃ ስትጀምር የመረጠችው ግን የእናቷን ኤንካ አልነበረም፤ የኒው ዮርክን ምት ነበር። ቢሆንም ድምፅ በቀላሉ አይደበቅም። «ፈርስት ላቭ»ን ስትሰሙ በረጅሙ ኖታ ጫፍ ላይ ያለችውን ቶሎ ቶሎ የምትል ንዝረት አድምጡ። ለእኔ እዚያች ላይ የእናቷ ጥላ አለ።

በ2001 መጨረሻ «ትራቬሊንግ» መጣ፤ ታክሲ ውስጥ ተሳፍሮ ወደ ከተማው ምሽት የሚበር የዳንስ ዘፈን። ግጥሙ መሐል ግን የፀደይ ሌሊት ሕልምና ነፋስ ፊት ያለ ትቢያ ተጠቅሰዋል። እነዚህ ምስሎች የሄይኬን ጎሣ መነሣትና መውደቅ ከሚተርከው ከመካከለኛው ዘመን የጦር ታሪክ መግቢያ የመጡ ናቸው፤ ጃፓን ውስጥ ተማሪ ሁሉ ያውቃቸዋል። በዳንስ ምት ላይ «ከንቱ፣ ሁሉም ከንቱ» የሚል የድሮ ቃል ማሳፈር! ይህን ያደረገችው በ18 ዓመቷ ነው።

በ2004 ኡታዳ በሚል ስም ብቻ «ኤክሶደስ» የተባለ የእንግሊዝኛ አልበም አሜሪካ ላይ አወጣች። ከፊሉን ዘፈን ከአሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ከቲምባላንድ ጋር ሠራች። አልበሙ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 160ኛ ላይ ቆመ። ብዙዎች እንደ ውድቀት ይጠሩታል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በዚያ አልበም የማሽን ምትን ራሷ እያበጀች፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረበች ስትሞክር ትሰማላችሁ። ትምህርቱ ፍሬ ያፈራው በ2006 በወጣው «አልትራ ብሉ» ላይ ነው፤ ቅንብሩ ከሞላ ጎደል የራሷ ነው። ቀዝቃዛ፣ ጥልቅ፣ ሰማያዊ የሚሉት ዓይነት ድምፅ። ግጥም፣ ዜማና ቅንብር በአንድ እጅ ሲገቡ የሚመጣውን ነገር እዚያ ላይ አየሁ።

ከዚያ አቆመች። በ2010 ሙዚቃውን ትታ «የሰው ሥራ» ልትሠራ እንደምትሄድ አስታወቀች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ዘፋኝ ብቻ ሆና የኖረች፣ እንደ ማንኛውም ሰው መኖርን መማር የፈለገች ሴት። በዚያ ዓመት ዲሴምበር ዮኮሃማ አሪና ላይ ሁለት ምሽት ዘፍና ተሰናበተች።

በኦገስት 2013 እናቷ ድንገት አረፈች።

ከዚያ ሐዘን በኋላ የመጣው አልበም በ2016 የወጣው «ፋንቶም» ነው፤ በፈረንሳይኛ መንፈስ፣ ጥላ ማለት ነው። ለእናቷ መታሰቢያ ያደረገችው አልበም ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱን ዘፈን ቀርበን እንየው። «ሃናታባ ዎ ኪሚ ኒ» ይባላል፤ እቅፍ አበባ ላንቺ። የጃፓን ብሔራዊ ጣቢያ ኤን ኤች ኬ በየጠዋቱ ለሚያሳየው ድራማ መክፈቻ ሆኖ ነበር የተሰማው። ሰው ቁርሱን እየበላ፣ ልጁን ለትምህርት ቤት እያለበሰ የሚሰማው ብሩህ ዜማ፤ ፒያኖ፣ ባለ አውታር መሣሪያዎች፣ ክፍት ሜጀር። ግጥሙ የሚጀምረው ስለ አንዲት ጠዋት ነው፦ ወትሮ የማትኳኳል ሰው በዚያች ጠዋት ለስለስ ያለ መኳኳያ ተቀብታለች። መጀመሪያ የሰማ ሰው ሙሽራ ናት ይላል። ቆይቶ ግን ጃፓን ውስጥ አስከሬን ለስንብት ሲዘጋጅ ፊቱ ላይ ያ ለስላሳ መኳኳያ እንደሚደረግ ሲያስብ፣ ዘፈኑ እጁ ላይ ይገለበጣል። አበባው የሠርግ አልነበረም።

እኛ ሐዘናችንን በሙሾ እናወጣዋለን፤ ደረት እየመታን፣ የሟችን ስምና ሥራ እየጠራን። ሂካሩ ግን አንድም ጩኸት የለባትም። ቃሎቿ ባዶ እስኪመስሉ ድረስ ቀላል ናቸው። ቀድሞ ዘፈኖቿ ላይ የሚረጩት የእንግሊዝኛ ሐረጎች እዚህ አልበም ላይ በእጅጉ ቀነሱ፤ ለእናቷ የዘፈነችው በእናቷ ቋንቋ ነው። ኤንካ አልዘፈነችም፤ ያን አምስት ድምፅም አልመለሰችውም። ሐዘንን ይዞ ቀጥ ብሎ የመቆም ጉልበቱ ግን በቀጥታ ከፉጂ ኬይኮ የመጣ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በፍጥነት ልንገራችሁ። በ2018 «ሃፁኮይ» ወጣ፤ ትርጉሙ የመጀመሪያ ፍቅር ነው። በ16 ዓመቷ በእንግሊዝኛ የጠራችውን ርዕስ በ35 ዓመቷ በጃፓንኛ ጠራችው። በጃንዋሪ 2022፣ በ39ኛ የልደት ቀኗ፣ «ባድ ሞድ» ወጣ። ጃፓንኛና እንግሊዝኛ በአንድ ዘፈን ውስጥ ያለ ጭንቀት ይፈራረቃሉ። የመጨረሻው ረጅም ዘፈን፣ ከእንግሊዛዊው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪ ከፍሎቲንግ ፖይንትስ ጋር የሠራችው፣ ወደ 12 ደቂቃ ይጠጋል። ቀስ እያለ ይገነባል፤ ድምጿም እንደ አንድ መሣሪያ ገባ ወጣ ይላል። «ኦቶማቲክ» ላይ ቃል የሰበረችው ልጅ አሁን ዝምታን በቦታው ታስቀምጣለች። በ2024 ደግሞ ዘፈን የጀመረችበትን 25ኛ ዓመት ስታከብር «ትራቬሊንግ»ን እንደ አዲስ ቀዳችው።

አሁን መብራቱን ዝቅ አድርጉልኝ። ሁለት ዘፈን አሰማችኋለሁ። መጀመሪያ እናትየዋን፣ ከ1970። ቀጥሎ ልጅየዋን፣ ከ2016፤ ያቺን የጠዋቷን መኳኳያ።