አሮጌው ፕሮግራም ምን አጠፋ?

ጤና ይስጥልኝ! ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ሙዚቀኞች ሲገናኙ የማትቀር ጥያቄ አለች። «በምንድን ነው የምትሠራው?» የአዲስ ሙዚቃ መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስም ከጠራችሁ ጠያቂው እሺ ብሎ ያልፋል። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የወጣ ቨርዥን ከጠራችሁ ግን «ውይ! እስካሁን?» ይላችኋል። ይህቺን «ውይ» ብዙ ጊዜ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ዛሬ ማይኩ እኔ እጅ ነውና መልስ ልስጥባት።

አሮጌው ፕሮግራም ዘፈን መሥራት አላቃተውም። ያቃተው ሌላ ነገር ነው። እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ትንሽ ወደኋላ። በአውሮፓውያኑ 1989 ኩቤዝ የሚባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ሲወጣ የሚሠራው አታሪ ኤስቲ በሚባል ኮምፒውተር ላይ ነበር። 1040 የሚባለው የአታሪ ሞዴል ሜሞሪው 1 ሜጋባይት ነው። በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። ያኔ ፕሮግራሙ ድምፅ አይቀዳም። የትኛው ኖታ፣ መቼ፣ ምን ያህል ጠንክሮ እንደተመታ ይመዘግባል። ከዚያ ሚዲ በሚባለው፣ የኖታ ትእዛዝ በሚያስተላልፈው ገመድ የሙዚቃ ኪቦርዱን ያዘዋል። በቃ። የሚዲ መሰኪያው ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ኖታው ሰዓቱን ጠብቆ ይመታ ነበር። በዚያች ሚጢጢ ሜሞሪ ተሠርቶ ስንት ሰው የጨፈረበት ዘፈን አለ።

በ1996 ቪኤስቲ መጣ፤ ፕላግኢን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን በሙዚቃው ፕሮግራም ውስጥ መሰኪያ መንገድ ነው። ድምፅ የሚያስተጋባው ሪቨርብ ከብረት ሳጥን ወጥቶ ስክሪን ውስጥ ገባ። በ2000 ሪዝን፣ በ2001 ኤብልተን ላይቭ የሚባሉት የሙዚቃ ፕሮግራሞች ተከተሉ። ፍሩቲ ሉፕስ የሚባለውም በ2003 ኤፍኤል ስቱዲዮ ተባለ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ዛሬ ቢት ስትሠሩ እጃችሁ ከሚነካው አብዛኛው ነገር ያኔም ነበር። ኖታ የሚደረደርበት ፒያኖ ሮል ያው ነው። የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያመጣጥነው ኮምፕረሰር ያው ነው። የድራሙን ሃይ ሃት አንድ በአንድ በማውስ መትከሉም ያው ነው፤ እሱስ ቢቀርልን ጥሩ ነበር።

«አዲሱ ድምፁ ይጠራል» የሚሉኝ አሉ። ትራክ መደመር፣ ማለትም ለየብቻ የተሠራውን ድምፅ አንድ ላይ ማድረግ፣ ሂሳብ ነው ወገኖቼ። ሁለትና ሁለት በ2003ም አራት ነበር። ሚክሳችሁ ከታፈነ ብዙውን ጊዜ ኪኩ፣ ማለትም ትልቁ ድራም፣ እና ቤዙ አንድ ቦታ ላይ እየተጋፉ ነው። አፕዴት አያገላግላቸውም።

አዲሱ የሚበልጥበት የለም እያልኩ አይደለም። አልቆ ከተሚከሰ ዘፈን ላይ ድምፃዊውን ለብቻው ነጥሎ የሚያወጣ ፕሮግራም ከሃያ ዓመት በፊት ቢነገረኝ እስቅ ነበር። አሁን እጠቀምበታለሁ። ግን የነጠለውን ዌቭ የሚባል ተራ የድምፅ ፋይል አድርጌ ወደ አሮጌው አስገባዋለሁ፤ አሮጌውም ሳያጉረመርም ይቀበላል።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? በሩ ላይ። አሮጌው ፕሮግራም ውስጡ ሰላም ነው፤ መግባቱ ነው መከራ። በ2019 የወጣው የአፕል ማክኦኤስ ካታሊና ባለ 32 ቢት የሚባለውን የድሮ ዓይነት ፕሮግራም ጭራሽ አይከፍትም። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ቢከፈትም ከ4 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ መጠቀም አይችልም፤ አንድ ትልቅ የኦርኬስትራ ድምፆች ስብስብ ስትጭኑበት ይንገዳገዳል። አንዳንዱ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ፈቃጁ ግን ሱቁን ዘግቷል። ባለቤትም ይቀየራል። በ2002 አፕል ሎጂክ የሚባለውን ፕሮግራም የሚሠራውን ኢማጂክን ሲገዛ ሎጂክ ለዊንዶውስ መሠራቱ ቀረ። በ2017 ጊታር ሠሪው ጊብሰን ኬክዎክ የሚባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም ሥራ አቆመ፤ በዓመቱ ባንድላብ የሚባል ድርጅት ባያነሳው ኖሮ ስንቱ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር።

የራሴን ልንገራችሁ። አንዲት ድምፃዊት ከስድስት ዓመት በኋላ ደወለች። «ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንዲት ቃል መቀየር እፈልጋለሁ» አለች። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው አልኳት። አፌን ቢቆርጠው! ያኔ የሠራሁበት ላፕቶፕ ከሞተ ቆይቷል። ፋይሉን በአዲሱ ስከፍት «እነዚህ ፕላግኢኖች አልተገኙም» የሚል ረጅም ዝርዝር መጣ። ፕሌይ አልኩት። ድራሙ አለ። ድምጿ አለ። ከሥር ግን ባዶ ነው። ቤዙን የሠራሁበት ሲንተሳይዘር፣ ድምፅ ፈጣሪው ፕላግኢን፣ የለም። ሠሪው ድርጅትም የለም። ኖታዎቹ ስክሪኑ ላይ በሰልፍ ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዱም አይጮህም።

የድሮውን ሚክስ እያዳመጥኩ በሌላ ሲንተሳይዘር ያንን ቤዝ ለማምጣት ሁለት ሌሊት ለፋሁ። ፊልተሩን ትንሽ ከፈት፣ ትንሽ ዘጋ። የጨረስኩ መሰለኝና ላኩላት። የቀየረችውን ቃል እንኳ አላነሳችም። «ቤዙ ምን ሆነ?» ነው ያለችው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዘፈን ሲያልቅ ፋይሉን ብቻ አስቀምጬ አልተኛም። እያንዳንዱን ትራክ ከዜሮ ጀምሮ እስከ መጨረሻው፣ ዝምታውንም ጨምሮ፣ ዌቭ አድርጌ አወጣዋለሁ። ሁሉም እኩል ስለሚጀምር የትም ፕሮግራም ላይ ብትጥሉት ቦታውን ያገኛል። ቴምፖውን፣ ማለትም የዘፈኑን ፍጥነት፣ የፋይሉ ስም ላይ እጽፋለሁ፤ ሚዲውን፣ የኖታውን መዝገብ፣ ደግሞ ለብቻው አስቀምጣለሁ። ዌቭ በ1991 የወጣ ነው፤ ዛሬም የማይከፍተው የለም። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

እና ልቀይር ወይስ ልቆይ ለምትሉኝ፦ እጃችሁ ሳታዩት የሚሄድበት ፕሮግራም ካላችሁ ቆዩ። በተለይ አልበም መሃል ላይ እንዳትነኩት። ያንን ኮምፒውተር ግን ከኢንተርኔት አውጡት፤ ዊንዶውስ 7 ከሆነ ከ2020 ጀምሮ የደኅንነት አፕዴት አያገኝም። ፋይል በፍላሽ አመላልሱ። ከሌላ ሰው ጋር በየቀኑ ፋይል የምትለዋወጡ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የሚልክላችሁን መክፈት ካልቻላችሁ ናፍቆት ሥራ አይሆንም። ቀይሩ።

ድምፃዊቷን አስፈቅጃለሁ፤ አሁን ሁለቱንም ሚክስ አሰማችኋለሁ። የትኛው ቤዝ የመጀመሪያው፣ የትኛው የሁለት ሌሊቱ እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ። እስቲ ድምፁን ከፍ አድርጉልኝ።