ስልኩን ለማንሳት 20 ደቂቃ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የዋርድ ኃላፊዎች፣ በተለይ ደግሞ እናንተ ዘንድሮ የተመረቃችሁ ነርሶች፣ እንደምን አደራችሁ?

በተመረቅኩ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። በደቂቃ 18 ጊዜ ይተነፍሱ የነበሩ አንድ አባት 26 ደረሱ። የደም ግፊታቸው ደህና ነው፤ ያዋሩኛል። ተረኛውን ሐኪም ልቀስቅስ? ቢቆጣኝስ? 20 ደቂቃ አመነታሁ። ሰንጠረዡን አይታ ስልኩን ያነሳችው አንዲት ነባር ነርስ ናት። እሳቸው ተረፉ። ያ 20 ደቂቃ ግን እኔን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ትንፋሽ ሲፈጥን ታካሚው እየባሰበት ሊሆን እንደሚችል አውቅ ነበር። ፈተና ላይ በትክክል መልሼዋለሁ። ያልተለማመድኩት ብቻዬን ቆሜ መወሰንን ነው። ተማሪ ሳለን ሁሌም ከኋላችን ሰው ነበር።

ቨርቹዋል ሪያሊቲን፣ ማለትም በመነጽር ውስጥ እውነተኛ የሚመስል ዓለም የሚያሳየውን ቴክኖሎጂ፣ የምደግፈው ለዚህ ነው። መነጽሩን ስታጠልቁ ታካሚው ላብ ያሰምጠዋል፣ ሞኒተሩ ይጮኻል፣ ከጎን ያለው አልጋም ይጣራል። ከዘገያችሁ ታካሚው ይደክማል። ከዚያ እንደገና ትጀምራላችሁ፤ የተጎዳ ሰው የለም። አብራሪዎች መሬት ላይ ሆነው በማሰልጠኛ መሣሪያ መለማመድ የጀመሩት በ1910 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። እኛም ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደረት መጫንና ትንፋሽ መስጠት የምንለማመድበት አሻንጉሊት አለን። አሻንጉሊቱ ግን እጃችሁን ይዞ «ልሞት ነው?» ብሎ አይጠይቃችሁም።

መነጽሩ የማይችለውም አለ። ደም ሥር መፈለግን ጣት እንጂ ዓይን አይማረውም። አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋልም፤ ስለዚህ ልምምዱ አጭር ይሁን።

ትልቁ ትምህርት ያለው መነጽሩ ከወለቀ በኋላ ነው። ነባር ነርስ ከአዲሷ ነርስ አጠገብ ቁጭ ብላ «ምን አየሽ? ለምን ጠበቅሽ?» ትበላት። መልሷ ብዙውን ጊዜ «ፈራሁ» ይሆናል። ይህንን ቃል ስትሰሙ አትገሥጿት። ስህተቷንም ለሥራ ምዘና አትመዝግቡባት፤ ከመዘገባችሁ በሚቀጥለው ትደብቃለች። ኃላፊዎች ሆይ፣ መሣሪያው ተገዛ ብላችሁ አዲሶቹን ከጎናቸው ሆነው የሚያሠሩትን ነባሮች አትቀንሱ። እለምናችኋለሁ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ማንም አዲስ ነርስ የመጀመሪያ የሌሊት ፈረቃዋን ከመጀመሯ በፊት ያንን ስልክ መነጽሩ ውስጥ ትደውል፤ ደጋግማ ትደውል።

መነጽሮቹ ከአዳራሹ ኋላ ተዘጋጅተዋል። አዲስ ተመራቂዎች ቅድሚያ ውሰዱ። አልጋ 4 ላይ ያሉት አባት በደቂቃ 26 ጊዜ እየተነፈሱ ነው።